የጎደለው ቢላዋ

የናይሮቢ አውሮፕላን ጠጋኞች ማኅበር ለዓመታዊ ሽርሽሩ ማቻኮስ ወርዶ፣ ማማ ሙቴኒ ቤት የፍየል ጥብሱን በልቶ ሲያበቃ አንድ ቢላዋ ጎደለ።

«ግድ የለም፣ ሌላ እገዛለሁ። ሂዱ ልጆቼ» አለች ማማ ሙቴኒ፤ ወገቧ ተቆርጧል።

«አይሆንም፣ ማማ» አሉ ሊቀመንበሩ ሙሊንጌ። «እኛ ዘንድ አንድ መፍቻ ከጠፋ አውሮፕላኑ አይነሳም። አውቶቡሱም አይነሳም።»

ሣሩን አበጠሩት፤ የአጥንቱን ክምር ገለበጡት። ማማ ሙቴኒ ሲጨንቃት ከጓዳ ሌላ ቢላዋ አምጥታ «ይኸው፣ ተገኘ» አለች።

ሊቀመንበሩ አገላብጠው አዩት። «ይሄ አይደለም። የጠፋው እጀታው የተሰነጠቀ ነው።»

በመጨረሻ የአውቶቡሱን ወንበሮች መፍታት ጀመሩ።

«የጠፋው ቢላዋ ነው ወይስ ሞተር?» አለ ሾፌሩ፣ ራሱን ይዞ።

ቢላዋው ከኋለኛው ወንበር ስር፣ አንዱ ለመንገድ ብሎ በደበቀው ጎድን ላይ እንደተሰካ ተገኘ። ተጨበጨበ፤ ወንበሮቹም ተመልሰው ታሰሩ።

ማማ ሙቴኒ እፎይ ብላ በሯን ልትዘጋ ስትል፣ አውቶቡሱ ውስጥ ማንም እንዳልገባ አየች። ሁሉም ሊቀመንበሩን ከበው፣ በእሳቸው መዳፍ ላይ የተረፈችውን አንዲት ቡሎን ትኩር ብለው ያያሉ።

ወደ ጓሮ ዞራ ሌላ ፍየል ፈታች።