ያልተለጠፈው ምራቂ

ሀሚዳ ኦቾሎኒ ትሸጥ በነበረበት ጊዜ ጣሳውን ሞልቶ መስጠት ብቻ አይሆንላትም ነበር። ገዢው ከፍሎ ፌስታሉን ሊቋጥር ሲል አንድ ጭብጥ አፍሳ ጣል ታደርግበታለች። ጣል ስታደርግም የሆነ ሰው የጠራት ይመስል ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች። ይህን ያስተማረቻት መሰላ ገበያ ውስጥ እናቷ ናት። "ስፍሩ የገዢው ነው፤ ምራቂው ከአላህ ነው" ትላት ነበር። "ምራቂን እያየሽ ከሰጠሽ ቆጠርሽው ማለት ነው። የተቆጠረ ምራቂ ደግሞ በረካ የለውም።"

አሁን ኦቾሎኒ መሸጥ ቀርቷል። ልጇ ረዲያ "እማ፣ ፀሐይ ላይ መቀመጡ ይብቃሽ" ብላ ከጭሮ መናኸሪያ በር አስነስታ ቤት አስገብታታለች። ረዲያ በቴሌግራም ድሪያ ትሸጣለች፤ ያንን ሰፊና ስስ፣ ለሙቀት አገር የሚመች የሴት ቀሚስ። ጨርቁን ከድሬዳዋ ታመጣለች፣ ትሰፋለች፣ ፎቶ አንስታ ትለጥፋለች፤ አዳማና አዲስ አበባ ያሉ ሴቶች ያዟታል። ማጠፍና ማሸግ የሀሚዳ ሥራ ነው። የታሸገውን በባጃጅ መናኸሪያ አድርሳ ለሹፌሮቹ አደራ የምትሰጠውም እሷው ናት።

ማሸግ ከባድ ሥራ አይደለም። ሀሚዳን የከበዳት ገዢዋን አለማየቷ ነው። አንዲት ሴት እዚያ ማዶ ተቀምጣ፣ በእምነት ገንዘቧን ልካ፣ ደረቅ ቀሚስ ብቻ ይድረሳት? እንዲሁ ባዶውን? አላስቻላትም። የቆላችውን ኦቾሎኒ በትንሽ ፌስታል እየቋጠረች በቀሚሱ እጥፋት መሃል ትወሽቅ ጀመር። ስትወሽቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

ረዲያ ይህን አታውቅም። አለማወቋም ደግ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ረዲያ ነፍስ የዘራች ደንብ ሆና ነበርና። በኢንተርኔት የሚነግድ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ፣ ስሙንና አድራሻውን ይለጥፍ፣ ገዢ ቅሬታ ካለው ይመልስ ተብሏል። ረዲያም አመልክታ መልስ እየጠበቀች ነው።

"እማ፣ ፎቶው ላይ ያለውና የምንልከው አንድ መሆን አለበት፤ እሺ?"

"እሺ።"

"ፈቃዱን ከከለከሉን ቻናሉ ይዘጋል። ከተዘጋ ተመልሰን መናኸሪያ በር ነን። አንቺም እኔም።"

"አላህ አያምጣው" አለች ሀሚዳ፣ እጇን ከኦቾሎኒው ፌስታል ላይ ቀስ ብላ እያነሳች።

ነገሩ እንዲህ ተሸፋፍኖ ይኖር ነበር፤ ሀሚዳ ማንበብ ባትማር ኖሮ። ከሰዓት ከሰዓት የጎልማሶች ትምህርት ትሄዳለች። አስተማሪዋ ትዕምርት ሳቅ የማያልቅባት ወጣት ናት፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኗ ትዘምራለች፣ በሌላው ቀን እናቶችን ፊደል ታስቆጥራለች። አንድ ቀን ቀበሌው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የኢንተርኔት ንግድ ደንብ ገልብጣ መጣች። "የእናንተው ልጆች ናቸው በስልክ የሚነግዱት፤ ዛሬ የምናነበው ይህን ነው" አለችና ሀሚዳን አስነሳቻት።

ሀሚዳ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እየጎተተች አነበበች። "ሻጭ... ያስተዋወቀውን ዕቃ ብቻ... እንደ ማስታወቂያው አድርጎ... ለገዢ ይልካል።" ክፍሉ አጨበጨበላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"ቲቸር፣ ይሄ 'ብቻ' የሚለው... ብቻ ማለት ነው?"

"ብቻ ማለት ብቻ ነው፣ እማማ ሀሚዳ።"

"ትንሽ ነገር ቢሆንስ? የምትበላ ነገር?"

"ቀሚስ ሻጭ ምን የሚበላ ይልካል?" ብላ ትዕምርት ሳቀች፤ ሴቶቹም ሳቁ። ሀሚዳም አብራ ሳቀችና ተቀመጠች።

ከዚያን ቀን ጀምራ ምራቂውን ተወች። ቀሚሱን አጥፋ፣ ፕላስቲኩን አሽጋ፣ እጇ በልማዱ ወደ ኦቾሎኒው ሲዘረጋ በሌላኛው እጇ መታ ታደርገዋለች። የታሸገው ነገር ሁሉ ራቁቱን የሄደ ይመስላታል። ቢሆንም ልጅ ይበልጣል።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ሳምንታት አልፈው አንድ ቀን ወደ ማምሻው የረዲያ ስልክ ጮኸ። ከንግድ ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ማመልከቻዋን የያዘው ኦቦ ኦብሳ።

"ቅሬታ? በእኔ ላይ?" አለች ረዲያ የጨርቅ መቀሷን እንደያዘች። "ስለምን?... በፓኬቱ ውስጥ ስላለው ነገር? ፓኬቱ ውስጥ ቀሚስ ነው ያለው!... እሺ፣ ጠዋት እመጣለሁ።" ስልኩን ዘግታ እናቷን አየቻት። "ቅሬታው ካልተዘጋ ፈቃድ የለም አለ። እማ፣ ስታሽጊ ምን የተለየ ነገር አይተሻል?"

"እኔ? ምንም" አለች ሀሚዳ። ድሮ የላከቻቸው ፌስታሎች አንድ በአንድ ትዝ አሏት። ዘይቱ ቀሚሱን አበላሽቶት ይሆን? ከኦቾሎኒው ጋር ጠጠር ገብቶ የከሰሰችውን ሴትዮ ጥርስ ሰብሮ ይሆን? ወይስ ልጅ አንቆ... አስተግፊሩላህ! እራት አልወርድ አላት። ረዲያ "አመመሽ እንዴ?" ስትላት "ጥርሴን ነው" አለች፤ የሴትዮዋ ጥርስ ከአእምሮዋ አልወጣ ብሎ።

ጠዋት ረዲያ ሻሿን እያሰረች ሳለ ሀሚዳ ሹልክ ብላ ወጥታ ባጃጅ ያዘች። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ጥፋቱን በራሷ አፍ ተናግራ ልጇን ነፃ ታወጣለች። በነጠላዋ ጫፍ አንድ ቋጠሮ ኦቾሎኒ ይዛለች።

ኦቦ ኦብሳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሀሚዳ ገብታ ቋጠሮዋን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"ይህ ምንድን ነው፣ አዴ? ጉቦ ከሆነ ያንሱት።"

"ጉቦ አይደለም ልጄ። ማስረጃ ነው።"

"የምን ማስረጃ?"

"የጥፋቴ። ሀሚዳ ነኝ፣ የረዲያ እናት። ፓኬቱ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ወላሂ እሷ አታውቅም። ደንቡን ሳነብ ወዲያው ትቻለሁ። መቅጣት ካለብህ እኔን ቅጣ፣ ፈቃዷን ግን አትንካባት። የሴትዮዋ ጥርስ... እንዴት ሆነ?"

"የማን ጥርስ?"

"የከሰሰችን ሴት።"

ኦብሳ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። ኦቾሎኒውን አየ፣ ሀሚዳን አየ፣ ከዚያ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ።

"አዴ ሀሚዳ፣ የተከሰሳችሁት ስለጨመሩ አይደለም። ስለቀነሱ ነው።"

"እ?"

"ውዴ የምትባል የአዳማ ሴት ናት። ባለፈው ለራሷ ስትገዛ ኦቾሎኒ አግኝታለች። አሁን ለእህቷ አዘዘች፤ ቀሚሱን ብታራግፍ፣ ፕላስቲኩን ብትገለብጥ ምንም። 'ከበፊቱ ጎድሎ ነው የተላከልኝ' ብላ ከሰሰች።"

ሀሚዳ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። "ያ ረቢ! ደንብ አክብሬ ተከሰስኩ?"

"ሳቄ እንዳያታልልዎት፤ ቅሬታ ቅሬታ ነው። ለመዝጋት ሁለት መንገድ አለ። ወይ የቴሌግራሙ ፖስት ላይ 'ከቀሚሱ ጋር ኦቾሎኒ አለው' ተብሎ ይጻፋል፤ ከተጻፈ ደግሞ ግዴታ ነው፣ ሚዛኑም ይገለጻል። ወይ ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አይሰጥም።"

"የምን ሚዛን?" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ረዲያ ናት፤ እናቷን ፈልጋ ያጣች፣ ሻሿ በግማሽ የታሰረ። "እማ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ይሄ ኦቾሎኒስ?"

ኦብሳ ነገራት። ረዲያ እናቷን አፍጥጣ አየቻት።

"ለዚህ ነው እንዴ ሰዎች ኮመንት ላይ 'እጃችሁ ይባረክ፣ ጣፋጭ ነው' የሚሉኝ? እኔ እኮ ቀልድ መስሎኝ የሳቅ ምልክት ስመልስ ነው የከረምኩት! እማ፣ ምንም አትጨምሪ ብዬሽ አልነበረም?"

"ፎቶውና ዕቃው አንድ ይሁን አልሽ እንጂ።"

"ኦቾሎኒ ፎቶው ላይ አለ?"

"የለም" አለች ሀሚዳ አንገቷን ደፍታ።

"እንግዲያው እንጻፈውና ይገላግለን። ሃምሳ ግራም ኦቾሎኒ።"

"ከተጻፈማ ዕቃ ሆነ፣ ልጄ። ሃምሳ ግራም ተብሎ ዋጋው ውስጥ ገባ። እሱ ሽያጭ ነው እንጂ ምራቂ አይደለም።" ሀሚዳ ቋጠሮውን ወደ ራሷ ሳበች። "ተይው። ፈቃድሽ ይበልጣል። ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም፤ ጻፍልኝ ልጄ፣ ትታለች በል።"

ረዲያ እናቷ ስትለምን አይታ ታውቃለች፣ ስትጨነቅማ ሁልጊዜ ነው፤ ስትተው ግን አይታ አታውቅም።

ኦብሳ የቅሬታውን መዘጋት ለገዢዋ ማስታወቅ ነበረበትና ስልኩን በላውድ አድርጎ ደወለ። ውዴ ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች።

"ውይ! እኔ እኮ ገንዘብ አልጠየቅኩም! ያን ጊዜ ፓኬቱን ስከፍት ኦቾሎኒውን አይቼ፣ እዚያ ጭሮ የምታውቀኝ ሰው ያለች መሰለኝ። አሁን ሲቀር፣ ምን አስቀይሜያት ይሆን ብዬ ከነከነኝ።"

"ታዲያ አትደውይም ነበር?" አለች ረዲያ።

"ደውዬ ምን ልበል? 'ኦቾሎኒዬስ?' ልበል? ያሳፍራል!"

"መክሰሱ አያሳፍርም?"

"ስሜ የሚታይ አልመሰለኝም እኮ!"

ሀሚዳ ሳታስበው ሳቀችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። "ምንም አላስቀየምሽኝም፣ የኔ ልጅ። ፈርቼ ነው።"

"እርስዎ ነዎት? ውይ እናቴ! ቅሬታዬን አንስቻለሁ፣ ጌታ ይባርክዎት። ግን... ለእህቴ ትንሽ ኦቾሎኒ..."

"እንዲህ ካሉ አላነሱም" አለ ኦብሳ ብዕሩን አስቀምጦ።

ሀሚዳ ያስቀመጠውን ብዕር አየች። ከዚያ አነሳችው። "የምጽፍበት ነገር ስጠኝ እስቲ" አለች፤ ኦብሳም ቁራጭ ወረቀት ገፋላት። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እያራራቀች ጻፈች። ረዲያ በትከሻዋ በኩል ጮክ ብላ አነበበችው፦

"የምንሸጠው ቀሚስ ነው። ሌላ ነገር ካገኛችሁ የእናት ነው።"

ኦብሳ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለቴ አነበበው። ደንቡን ከመሳቢያው አውጥቶ ገለጠ፣ ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ።

"አልተሸጠም። ቃልም አልተገባበትም። ቢቀር የሚያስከስስ አይደለም፣ ቢመጣም ገዢው አስቀድሞ ያውቀዋል።" ደንቡን ዘጋው። "ስለ እናት የሚል አንቀጽ አላየሁም። ይህን ፖስቱ ላይ ይለጥፉት። ወይዘሮ ውዴ፣ ይስማማዎታል?"

"አነሳሁ! አሁን የምር አነሳሁ!" አለ ስልኩ።

ረዲያ በግማሽ የቀረውን ሻሿን አስራ ጨረሰች። ሀሚዳ ከደስታዋ ብዛት ቋጠሮውን ፈትታ አንድ ጭብጥ ኦቾሎኒ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ፊቷንም ወደ በሩ አዞረች።

"አዴ ሀሚዳ።"

"ወዬ።"

"አይቼዎታለሁ። ፈቃዱ እስኪፈረም ይህ ጉቦ ነው።"

"ከተፈረመ በኋላስ?"

"ያኔም ጉቦ ነው። እዚህ ቤት ምራቂ የለም፤ ያንሱት።"

አነሳችው። ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ እናትና ልጅ አብረው እየቆረጠሙ ጨረሱት።

ፈቃዱ ወጣ። አሁን ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሀሚዳ ሰው በገባ ቁጥር ታነብለታለች፣ ቢጠይቅም ባይጠይቅም። ፈቃዱ በተሰቀለ ማግስት ለውዴ እህት የሚሄድ ሌላ ቀሚስ ታዘዘ። ረዲያ አድራሻ ትጽፋለች፣ ሀሚዳ ታጥፋለች። የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሀሚዳ እጇን ወደ ፌስታሉ ልትሰድ ስትል ልጇ ቀና አለችና ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የሀሚዳ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ረዲያ የሆነ ሰው የጠራት ይመስል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።