የእልፍነሽ ድርሻ ውሃ

የወንድይፍራው ተክል ፍሬ አላፈራም፤ ያፈራው የሟች ሚስቱን ድምፅ ነው።

ተክሉ የፈረንጅ አውጥ ነበር፤ ያ እንደ ወረቀት በሳሳ ቅርፊት ተጠቅልሎ የሚያድገው፣ ሲበስል ቢጫ የሚሆነው ፍሬ። ወንድይፍራው ቤቱ ሲቀባ በተረፉ የቀለም ባልዲዎች ተክሎ፣ በኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ደርድሮታል። አንድ ጠዋት የመጀመሪያው ቅርፊት ደርቆ አገኘውና ቀጥፎ ከፈተው። ውስጡ ባዶ ነበር።

«ሰማህ ወይ? ጨው አልቋል» አለች እልፍነሽ ከባዶው ውስጥ።

እልፍነሽ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። ወንድይፍራው ወጥ ቤት ገብቶ የጨው ዕቃውን ከፍቶ አየ። እውነትም አልቋል። ወርዶ ገዛ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንድ ሁለት ቅርፊት ይደርሳል። አንዱ «ሰማህ ወይ? መስኮቱን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» ይላል። ሌላው «ሰማህ ወይ? ያን ሹራብ አውልቀውና ልጠበው» ይላል። እያንዳንዱ የሚናገረው አንዴ ብቻ ነው፤ ከተናገረ በኋላ ገለባ ነው። እንግዲህ ሙት አፍ ሲያወጣ ቁም ነገር የሚጠብቅ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እዚህ ግን ከጨውና ከሹራብ ያለፈ ወሬ አልተገኘም። ባልና ሚስት አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ የሚነጋገሩት ይኸንኑ ነው። ወንድይፍራው ሹራቡን አውልቆ ራሱ አጠበው፤ መስኮቱንም ዘጋ። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ሰው አድርግ ያለውን ነገር ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበርና ደስ አለው።

አንድ ቀን ከታች የምትኖረው ተከራይ ሰላማዊት በሩን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ በረንዳ ውሃ እየተንጠባጠበ ልብሴን አበላሸብኝ።»

«ይቅርታ የኔ ልጅ። ተክሉ ነው።»

«ውስጥ የሚያወራውስ ማን ነው?»

«ባለቤቴ ናት።»

«አላረፉም እንዴ?»

«አርፋለች። ስለ ሽንኩርት ነው የምታወራው።»

ሰላማዊት «እንግዲህ ያቆይልዎት» ብላ ወረደች። ነገር ግን ልጅቱ ደግ ነበረችና በወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያ የሆነችውን ኩለኒን ፈልጋ ላከችለት።

ኩለኒ ጣቷን እስከ አንጓዋ ባልዲው ውስጥ ከተተች፤ አወጣችና አሸተተችው።

«ጋሼ፣ ድምፅ የሚያፈራው ውሃ ሲበዛበት ነው።»

«በሽታ ነው?»

«በሽታ እንኳ አይባልም። ግን ጤነኛ ተክል ዝም ብሎ ነው የሚያፈራው። ምን ያህል ነው የሚያጠጡት?»

ወንድይፍራው ነገራት። ወደ ሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን ያለ ዕቃ ሁሉ ይሞላል፤ በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ድስቱም ሳይቀር። እልፍነሽ ከሞተች በኋላም ወንድይፍራው የሚሞላው ለሁለት ሰው ነው፤ እጁ ለምዷል። የሚቀጥለው ፈረቃ ሲደርስ የእሷ ድርሻ እንደተሞላ ይጠብቀዋል። ሽንት ቤት እንዳይደፋው ነውር መሰለው። ለተክሉ ያጠጣዋል።

«ለአንድ ሰው የሚበቃ ውሃ ነው የሰጡት» አለች ኩለኒ።

«አዎ፣ ለአንድ ሰው ነው።»

ኩለኒ ሥራዋን ታውቃለች፤ አንድ በአንድ አስረዳችው። ባልዲው ከሥሩ ይበሳል። ከታች ጠጠር ይደረጋል፤ አፈሩ ከብስባሽና ከአሸዋ ጋር ይደባለቃል። ፍግ ከበዛ ቅጠል ብቻ ነው ትርፉ። ውሃ የሚሰጠው አፈሩ ላይ ላዩን ሲደርቅ ነው። ጫፉ ይቀነጠባል፣ ቅርንጫፉም እንዳይሰበር በእንጨት ይደገፋል።

«በዚህ ከቀጠሉ ሥሩ ይበሰብስና ይሞታል» አለች። «ከተስተካከለ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ፍሬ ይለቅማሉ። ለሰላማዊትም ያቀምሷታል።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁማ ይቆማል። ፍሬ ይሆናላ።»

ሚስማር በእሳት አግላ ልትበሳለት ነበር። ነገ እኔው እበሳዋለሁ አላት። ስትሄድ ሚስማሩን ይዞ ባልዲዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። ቢበሳው እልፍነሽ ዝም ልትል ነው። ባይበሳው ተክሉ ይሞታል፤ ያኔም ዝም ልትል ነው። አንዲትን ሚስት ሁለት ጊዜ መቅበር ከየት የመጣ ፍርድ ነው? ቤቱን ዞር ብሎ አየው። ወንበሩ፣ አልጋው፣ የተዘጋው መስኮት፤ ከነዚህ ጋር ብቻውን ሊቀር ነው። ችግር ብልሃትን ይወልዳል ይባላል፤ ለወንድይፍራው የወለደለት ግን አንድ ተጨማሪ ጀሪካን ውሃ ነበር። ሚስማሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ቅጠሉ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ረገፈ። ድምፁም ከቅርፊት ወደ ቅርፊት እየራቀ ሄደ፤ በኋላ በኋላ ጆሮውን ለጥፎ ካልሆነ አይሰማም ነበር። በመጨረሻ በሁሉም ባልዲዎች ላይ የቀረው አንድ ቅርፊት ብቻ ሆነ። እሱ ግን ማደጉን አላቆመም፤ ቡጢ አከለ። ወንድይፍራው አልቀጠፈውም። ቢቀጥፈው ያልቃላ።

አመሻሽ ላይ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ቅርፊቱ ሳይከፈት ተናገረ።

«ወንድይፍራው!»

ድምፁ የእልፍነሽ ነው። ነገር ግን እልፍነሽ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። የባልን ስም መጥራት ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው። ለሰው ስታወራ «እሱ» ነው፣ ለራሱ ደግሞ «ሰማህ ወይ»። በስማቸው የምትጠራው ሌሎቹን ወንዶች ነበር፤ ጎረቤቱን፣ ሥጋ ሻጩን፣ ዘበኛውን። አንድ ጊዜ «እስቲ ስሜን ጥሪው» ቢላት «ስምህን የሚጠራ ሰው ሞልቶ!» ብላ ሳቀችበት። ያኔ እውነትም ሞልቶ ነበር። አሁን ሰላማዊት ጋሼ ትለዋለች፤ ባንክ ቤት የሚጠሩት ቁጥሩን ነው።

ስለዚህ ስሙን ሲሰማ ደስታው ፊቱን ሞላው። ወዲያው ደግሞ ለእሷ ከሌሎቹ ወንዶች እንደ አንዱ መሆኑ ገባውና ከፋው። ቢሆንም የተጠራ ሰው ዝም አይልም።

«አቤት» አለ።

«ደጅ የቆምከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ቆይ እስቲ» አለች፣ እንግዳ በምታናግርበት ድምፅ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብርሃኗ በቅርፊቱ በኩል አለፈና ውስጡ ቁልጭ ብሎ ታየ። አውራ ጣት የምታህል ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች እስከ ግድግዳው መጣች፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ተመለከተች። ወንድይፍራው ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱ በደንብ እንዲታይ ኮፍያውን አወለቀ። አተኩራ አየችው። ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ «ሰማህ ወይ? ና እስቲ እየው» አለች። የወንድይፍራውን ሹራብ የለበሰ ሰው ከውስጥ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።