ታላቁን ጉልላት ያለበስኩበት ቀን

ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ቅንጣት ውሸት ካለበት የቅድስቲቱ ከተማችን የአኑራዳፑራ ዝንጀሮዎች በሙሉ ጣራዬ ላይ ይስፈሩ!

ለሙሉ ጨረቃ በዓል፣ የቡድሃ ዐጽም ያረፈበትን ታላቁን ነጭ ጉልላት ዙሪያውን በብጫ ጨርቅ የማልበሱ ተራ ለመንደራችን ደረሰ። የጉልላቱን ወገብ የለካሁት እኔ ፒያዳሳ ነኝ። በምን? በእርምጃዬ! ታዲያ እዚያ ግቢ ጫማ ይወለቃል፤ የሄድኩት ደግሞ በቀትር ነው። ንጣፉ እንቁላል ይጠብሳል። እየዘለልኩ ለካሁ፤ አንዱ እርምጃዬ ወንዝ ያሻግራል። ጨርቁን በዚያው የእርምጃ ቁጥር የለካሁት ግን መንደር ተመልሼ፣ ጥላ ሥር፣ እየተንጎራደድኩ ነው።

በዓሉ ደረሰ። ጨርቁን በአናታችን ተሸክመን በከበሮና በእምቢልታ ገባን። ሚሊዮን ሰው ነበርን፣ ዝሆኖቹን ሳልቆጥር። የጨርቁ ጫፍ ጉልላቱን ዞሮ መጣ፣ መጣ... ቆመ። በሁለቱ ጫፎች መሃል የቀረው ክፍተት አንድ ዝሆን አጋድሞ ያስተኛል!

ከኋላችን ተራ የሚጠብቀው የጎረቤት መንደር አለቃ ሙዲያንሴ ነው። ጫፉ ካልገጠመ የእኛ ጨርቅ ወርዶ የእነሱ ይወጣል፤ እኛም እስከ ከርሞ የአገር መሳቂያ ነን።

"አያ ፒያዳሳ" አለኝ፣ "ለጉልላቱ ነው ወይስ ለሚስትህ ሻሽ ያሰፋኸው?"

"ዝም በል አንተ! ገና መች ሳብኩት?"

"ስትስበው እንዳይቀደድ። ካነሰህ ሱሪህን ቀጥልበት!"

ሳቁ ከግቢው ማዶ ያሉትን የሐይቅ ወፎች አስነሳ። ሥርዓቱን የሚመሩት መነኩሴ እንኳ ፊታቸውን በማራገቢያቸው ጋረዱ።

እኔ ግን ጉልላቱን ተጠግቼ በጆሮው አንሾካሾክሁ። "ጌታው፣ ያሠራህ ንጉሥ ሳታልቅ ሊሞት ሲያጣጥር፣ ወንድሙ ጎደሎህን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ 'ይኸው አለቀ' ብሎ አሳይቶታል አሉ። ያኔ ያንተ ጉድ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ዛሬ የእኔን ሸፍንልኝ። እስቲ ሆድህን ሳብ!"

ሳበ! በእነዚህ ዓይኖቼ አየሁ። ያ ሁሉ ጡብ ወደ ውስጥ ሰረጎደ፤ ሾጣጣው ጫፍ ሽቅብ ተመዘዘ፤ ዙሪያውን ግንቡን የተሸከሙት የድንጋይ ዝሆኖች ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። ሁለቱን ጫፍ እመር ብዬ ያዝኩና ቋጠርኩ። "ሳዱ! ሳዱ!" ብሎ ምዕመኑ የምስጋና ቃሉን ሲያስተጋባ፣ ሙዲያንሴ እግሬ ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለባለቤቴ ለሶማዋቲ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ኮኮናት እየፈቀፈቀች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

"ጨርቁ መች ጎደለ?" አለች ቀስ ብላ። "እኔና እህቴ በገመድ ለክተን ሰፋነው። እንዲያውም ተርፎ፣ ትርፉን አጥፎ የያዘልን ሙዲያንሴ ነው። አንተ ያን ዕለት 'ሆዴን' ብለህ እቤት ተኝተህ ነበር።"