የደረጃ ወሬ ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ነው

እና ስምሽን ስጪኝ ትላለች ናጂያ፣ የአስር ሶላት አዛን ሳይል ስምሽን ላኪልኝ፣ ስም ከሌለው አለቃዬ አያወጣውም፣ ምን አለባት፣ እሷ ጋዜጠኛ ናት፣ ስሟ ከነፎቶዋ ይወጣል፣ እኔ በሰው አገር፣ ሽሜሳኒ ሰፈር፣ የሰው ደረጃ እያጠብኩ፣ ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ኹብዟን፣ ዳቦዋን፣ ሳሙናው ውሃ ውስጥ እየነከረች፣ ተይ ፀዲ፣ አይበላም እሱ፣ አፍሽን ክፈቺ፣ ትፊው። ጎበዝ።

ስም።

ድምፄንማ ሁሉም ያውቀዋል። የሂክማ ጣጣ ነው፣ ጁበይሃ አንድ ክፍል አብረን እንደተከራየን፣ አንቺ እኔን ጆሮዬን ከምትበይኝ ለምን ስልኩ ላይ አትናገሪውም አለችኝ፣ እኔ እኮ ፊደል ቆጥሬ ነው የማነበው አልኳት፣ ማን ጻፊ አለሽ እናቴ፣ አንቺ ለፍልፊ፣ መጻፉ የኔ ነው። ደረጃ እያጠብኩ እለፈልፋለሁ፣ እሷ ድምፁን ፌስቡክ ላይ ትለቀዋለች፣ ከሥሩ ትጽፈዋለች፣ ገጹን የደረጃ ወሬ አለችው፣ ያሠሪ ፈቃድ ካልያዝሽ የትም አትሠሪም ስለሚለው ሕግ፣ ስለ ቆንስላው፣ አገር ቤት ምርጫ ሲመጣ እኛን ማን አስቦን ያውቃል ስለሚለው፣ ሴቶቹ ኻልዳ ሰፈር ከማዳም ተደብቀው ኩሽና ውስጥ ይሰሙታል። ፀዲ መሀል ገብታ ማማ ካለች ግን አጠፋዋለሁ፣ ከመጀመሪያው እናገራለሁ፣ ልጅ እንዳለኝ ማንም እንዳይሰማ፣ ወረቀት የሌላት ልጅ።

ስለ ፓስፖርቴ የተናገርኩ ቀን ነው የመጣው ሁሉ። ያመጣኝ መክተብ፣ ሠራተኛ አስመጪው ቢሮ፣ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበት ቀረ ብዬ፣ የኔንም፣ የኔንም አሉ ሴቶቹ፣ ከዚያ ጋዜጣው አወጣው፣ የኛኑ ቃል፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንደሚወራው ብሎ፣ የገጹን ስም እንኳ ሳይጠራ፣ ሂክማ አበደች፣ እኛ አብስለን እነሱ ይጎርሳሉ፣ ደውላ በዐረብኛ አጠበቻቸው፣ ስልኩን ያነሳችው ናጂያ ናት፣ ልክ ነሽ እህቴ አለቻት፣ ልክ ነሽ፣ ግን የናንተን ገጽ መክተቡ ወሬ ነው ብሎ ይስቅበታል፣ ጋዜጣ ላይ ሰው ከነስሙ ሲናገር ግን መክተቡን ሚኒስቴሩ ይጠይቀዋል። እና መጣች፣ ራሷ፣ ፍራሻችን ላይ ቁጭ ብላ ሻይ ጠጣች፣ ፀዲን አቀፈቻት፣ ኡም ፀደንያ አለችኝ፣ እዚህ አገር እናት በልጇ ነው የምትጠራው፣ ደስ አለኝ፣ ደግሞ ፈራሁ።

አባቷን፣ ዳንኤልን፣ ከሥራ ሲወጣ ነው የያዙት፣ ኢቃማ የለህም፣ የመኖሪያ ፈቃድ የለህም፣ ወደ አገርህ። እኔን ቢይዙኝስ፣ ፀዲ በምን ወረቀት ትከተለኛለች፣ ለልደት ወረቀቷ የእናት ፓስፖርት አምጪ ይላሉ፣ ፓስፖርቱ መሳቢያው ውስጥ፣ ብናገር ይይዙኛል፣ ዝም ብል ልጄ በወረቀት የለችም።

ደግሞስ የትኛው ስም። ደላላው ነው፣ በእስላም ስም ቶሎ ትገቢያለሽ ብሎ ሸሪፋ ከድር አድርጎ ያወጣልኝ፣ ማተቤን ጡት መያዣዬ ውስጥ ደብቄ ገባሁ፣ ሸሪፋ ሻይ፣ ሸሪፋ ምንጣፉን፣ ሂክማ የእውነቷ እስላም ትስቅብኛለች፣ አንቺ አስመሳይ፣ ሁለት ከሆንሽ አይቀር አንዷን ለጋዜጣው ላኪያት፣ አንዷ ደረጃውን ትጠብ። ያስቃል። ግን የእውነት ስሜን፣ እፀገነት ብዬ ብሰጥ መክተቡ እንዲህ የምትባል አላመጣሁም ይላል፣ ናጂያም ገጹም ውሸታም ይሆናሉ፣ መሳቢያው ውስጥ የተቆለፈችው ሸሪፋ ናት፣ ደረጃ የምታጥበው እኔ።

ጋዝ እያዞረ የሚሸጠው መኪና ሙዚቃውን እየነፋ ያልፋል፣ ፀዲ በርጥብ እግሯ ተነስታ ትጨፍራለች፣ ትወድቂያለሽ አንቺ።

ስልኩ። ሂክማ። እፁ ገጹን ክፈቺ፣ ምን ሆነ፣ ክፈቺ አልኩሽ እኮ፣ ጋዜጣው ስም ይፈልጋል ብዬ ለጥፌ ነበር። እቆጥራለሁ፣ ጠ፣ ይ፣ ባ፣ ጠይባ፣ ከኻልዳ፣ ፓስፖርቴ ላይ ጠይባ ሁሴን ነኝ፣ እናቴ ቤት ስሜ አየለች ነው፣ እኔንም ጻፉኝ። ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ፣ ሁለት ሁለት ስም፣ ወይ ጉድ፣ እኔ ብቻዬን መስሎኝ። ናጂያ ምን አለች፣ ሁለቱንም እጽፋለሁ አለች፣ ጠበቃ ይዤ አብሬያቸው ሚኒስቴር እገባለሁ አለች፣ አንቺን ነው የምትጠብቀው፣ ደረጃ አጣቢዋስ ትላለች። ቢይዙኝስ ሂክሚ። ቢይዙሽ በስምሽ የሚጠይቅሽ ሰው ይኖራል፣ ዳንኤልን ማን ጠየቀው።

ማን ጠየቀው።

እጄን ቀሚሴ ላይ አደርቃለሁ፣ የድምፅ መቅጃውን እጫነዋለሁ፣ እሺ ናጂያ፣ ፓስፖርቴ ላይ ሸሪፋ ከድር እባላለሁ፣ እናቴ ያወጣችልኝ እፀገነት ነው፣ ደረጃ አጥባለሁ፣ ማማ፣ ትላለች ፀዲ፣ ማማ ኹብዝ፣ ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነው፣ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የማጠፋው፣ ማማ፣ አቤት ፀደንዬ፣ አቤት እናቴ፣ ልጄ ናት ናጂያ፣ ስሟ ፀደንያ ዳንኤል፣ እሷንም ጻፊያት፣ ጣቴን ከማጥፊያው አነሳለሁ፣ እልከዋለሁ፣ ይሂድ፣ ሄደ።