የዙልፋ ጉንጭ

ሙዓዊያ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፎቶ ቤት አለው። የምርቃት ሰሞን ሥራ ሲበዛበት፣ ፎቶ በሚያስተካክልበት ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ አንዱን የማውስ ቁልፍ ፊት እንዲያጠራለት አደረገው። አንዴ ሲጫነው ብጉሩም ጠባሳውም ይጠፋል።

ተመራቂዋ ዙልፋ ፎቶዋን ልትወስድ መጣችና አስጠግታ አየችው። ከተወለደች ጀምሮ ጉንጯ ላይ ያለው ጥቁር ምልክት ፎቶው ላይ የለም።

«ጋሼ፣ ያስጠላል እንዴ?» አለችው በቀስታ።

«ወላሂ አያስጠላም። ቁልፉ ነው ያጠፋው፤ እኔ ልብ አላልኩትም።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ አፈረ። ለካ ፊቷን እንኳ ሳያይ ነው ፎቶዋን የሠራው። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ቁልፉን ወደ ቀድሞ ሥራው መልሶ ፎቶውን ከነምልክቱ አተመላት።

ዙልፋ አመስግናው ወጣች። ባጃጅ ስትጠብቅ ሻርፗን ጎትታ ጉንጯን ስትሸፍን በመስኮቱ አያት።