ኬክ የጫነው ፈጣን መኪና

አሮጌው ስቴሽን ዋገን የሞተው ረቡዕ ጠዋት፣ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ባለ ሁለት ደርብ ኬክ እንደጫነ ነበር። ሞተሩ አንዴ አጓራና ጸጥ አለ። ሾፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ ምንም የለም። እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ወደ እህቱ ሲዞር፣ እሷ ቀድማ ወርዳ የኋላውን በር ከፍታለች። ኬኩ የሚጠበቅበት አዳራሽ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር። ጣውላውን ግራና ቀኝ ይዘው እንደ ቃሬዛ ተሸከሙትና በእግረኛው መሀል ገቡ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። አንድ ሽማግሌ፣ ሰርግ ይምሰላቸው ቀብር አይታወቅም፣ ባርኔጣቸውን አነሱ።

ኬኩ በሰላም ደረሰ። መኪናው ግን በዚያው ቀረ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ለአፍታ ካየ በኋላ መልሶ ዘጋው፤ እንደ ሐኪም ራሱን ነቅንቆ፣ «በቃው» አለ።

እህትየዋን ሰፈሩ «እትዬ ሚዛን» ይላታል። ኬክ ሠሪ ናት፤ ዱቄትና ስኳር ቀርቶ እንቁላል እንኳ ሳትመዝን አትሰብርም። ስሙ የወጣላት ግን በሚዛኑ ብቻ አይደለም። ሰው የነገራትን ነገር «ይሆናል» ብላ ትሰማና በኋላ ሄዳ ራሷ ታየዋለች። አዲስ ሳሙና እጅ አያደርቅም ከተባለ፣ አንድ እጇን በአሮጌው፣ አንድ እጇን በአዲሱ ሳምንት ሙሉ ታጥባለች። ኬኳን ዘጠኝ ዓመት ሲያመላልስ የኖረው ታናሽ ወንድሟ ደግሞ «ጥይቱ» ይባላል። ይሄኛው ስም የጎረምሳነቱ ነው። ኬክ ከጫነ ወዲህ የሚሄደው እንደ እርጉዝ ነው፤ ቢሆንም ስም አንዴ ከወጣ አይገባም።

መኪና መሸጫው ውስጥ ሁለት ስቴሽን ዋገን ጎን ለጎን ቆመው አገኙ። የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ቀለማቸው አንድ፣ በራቸው አንድ። እትዬ ሚዛን ከቦርሳዋ ሜትር አውጥታ የኋላቸውን የዕቃ ቦታ ለካች፤ እሱም አንድ ነው። የሁለተኛው ጎማ ግን ሰፋ ይላል፣ ወንበሩ ደግሞ እንደ እቅፍ ግራና ቀኙን ከፍ ያለ ነው። ዋጋው የመጀመሪያውን ዋጋ ወስዶ ግማሹን ይጨምርበታል።

ሻጩ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነበር። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው የፈረስ ጉልበቱን ቆጠረላት። ከቆመበት ተነስቶ በስንት ሰከንድ መቶ እንደሚገባ፣ ፍሬኑ እንዴት እንደሚይዝ፣ መሪው እንዴት እንደሚታዘዝ አስረዳት። ጥይቱ ከጎኗ ቆሞ እያንዳንዱን ቃል እንደ ማር ይልሳል። እሷ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠችው።

«ይሄ ሁሉ ለፈረሱ ነው» አለችው። «ለኬኩስ?»

ሻጩ የያዘውን ዝርዝር አገላበጠ፤ ስለ ኬክ የሚል አልነበረበትም። እሷም መልስ የሌለው ጥያቄ ካገኘች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሁለቱን መኪኖች ለአንድ አንድ ቀን ቢሰጧት፣ ራሷ ፈትሻ እንደምትወስን ነገረችው። እሱ አለቃውን ሊያስፈቅድ ሄደ፤ ሲመለስ እየሳቀ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ሲቆይ መኪና በኬክ ሲፈተሽ ሰምቶ አያውቅም።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ስትጋግር ዋለች፤ ክብደታቸው እስከ ግራሟ የተካከለ ሁለት ባለ ሦስት ደርብ ኬኮች ሠራች። አንዱን ማክሰኞ በርካሹ፣ በተራው መኪና፣ ሌላውን ረቡዕ በፈጣኑ ጫኑ። ሰዓቱ አንድ፣ መንገዱ አንድ፤ ከዳቦ ቤቷ ተነስቶ ከተማውን አቋርጦ እስከ ሐይቁ ዳር ሆቴል። እትዬ ሚዛን ከኋላ፣ ከኬኩ አጠገብ ተቀመጠች። አንድ ብርጭቆ ውሃ በጉልበቷ መሀል ይዛ፣ በደብተሯ ላይ በየጉብታውና በየአደባባዩ ምን እንደሆነ ትጽፋለች።

ውጤቱ ወንድሟን አሳዘነው። ፈጣኑ መኪና ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ነበር የደረሰው፤ ግን ያን ቀን የትራፊክ መብራቶቹም ቀንተውላቸዋል። ውሃውን በመድፋት ፈጣኑ ባሰ። ሞላው ጠንካራ ስለሆነ እያንዳንዱን ጠጠር ይነግርሃል፤ የመካከለኛው ደርብ ክሬም ላይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣ። በኋላ ሻጩ ሞላውን የሚያላላ ቁልፍ እንዳለው አሳያቸው፤ ቁልፉን ተጭነው ያንኑ መንገድ ሲደግሙት ውሃው እንደ ተራው መኪና ሆነ። ከዚያ አላለፈም።

«ለኬክ አያስፈልግም» አለች እትዬ ሚዛን፣ ደብተሩን እየዘጋች።

ያን ዕለት ከሰዓት ግን የጻፈችውን ስታነብ፣ በሁለቱም ቀን ሆቴሉ ደጃፍ የጻፈችው ነገር ዓይኗን ያዘው። ስለ ኬኩ አልነበረም፤ ስለ ወንድሟ ነበር። ማክሰኞ «ወረደ፤ ኬኩን ለማንሳት ዘገየ» ይላል። ረቡዕ «ወዲያው ወረደ» ይላል። ሁለቱን መስመር ደጋግማ አነበበቻቸው። ከዚያ ማክሰኞ ከመኪናው የወረደበት አኳኋን ትዝ አላት፤ መጀመሪያ ግራ እግሩ፣ ቀጥሎ ሁለት እጁ በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ ከዚያ ራሱን ስቦ ማውጣት። ከአሮጌውም መኪና እንዲሁ ነበር የሚወርደው። ስንት ጊዜ አይታው ኖሯል፤ ልማዱ ነው ብላ አልፋዋለች። እንቁላል የምትመዝን ሴት የወንድሟን አወራረድ አለማየቷ ከነከናት።

ጥይቱ ጓሮ ውስጥ ባዶ የዱቄት ጆንያ ሲያጥፍ አገኘችው።

«ወገብህን ያምሃል?»

«ማን አለ?»

«ደብተሩ።»

ጆንያውን አስቀመጠ። ቀልዶ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ሁለት ዓመት እንደሆነው ነገራት። የአሮጌው መኪና ወንበር ሽቦው ወጥቶ ነበር፤ ኬክ ማንሳቱም አለ። ጠዋት ጫማውን የምታስርለት ሚስቱ ናት። ለእህቱ ያልነገራት ሌላ ሾፌር ትቀጥራለች ብሎ ፈርቶ ነው። በዚያ ፈጣን መኪና ውስጥ የተቀመጠ ዕለት ግን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወገቡን ረሳው።

እትዬ ሚዛን ሌላ ሾፌር የሚባል ነገር በሕልሟም እንዳልነበረ ብቻ ነገረችውና፣ እንዳታለቅስ ወደ ማደባለቂያው ሄደች። በማግስቱ በጠዋት መኪና መሸጫው ደጃፍ ነበረች። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ የፈጣኑን ወንበር ተራው ላይ ትገጥሙልኛላችሁ? ሻጩ ፋብሪካው እንደዚያ እንደማይሸጥ፣ ወንበሩን የሚፈልግ ሞተሩንም መግዛት እንዳለበት ነገራት። ከዚያ ግራና ቀኙን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የሁለቱም ወንበር የሚታሰርባቸው ብሎኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ከተጋጩ መኪኖች ዕቃ የሚያወጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ሽቦውን የሚያውቅ ኤሌክትሪሽያንም አለ። ስልካቸውን በቁራጭ ወረቀት ጻፈላት።

ወደ ቤቷ የተመለሰችው በደስታ ነው። ተራው መኪና፣ የፈጣኑ ወንበር፤ ለአዲሱ የመጋገሪያ ምድጃ ያስቀመጠችው ገንዘብም ሳይነካ ይቀራል። ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ከየት ይመጣል? ለጥይቱ ስትነግረው ፈገግ አለ፤ እጇንም ሳመ። ግን ፈገግታው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አያመልጣትም።

«ደስ አላለህም?»

«ብሎኛል፣ እትዬ። እንዴት አይለኝም?»

«እና?»

እግሩን እግሩን አየ። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከረሜላ የተከለከለ ልጅ መሰለ።

«ወንበሩ ለወገቤ ነው» አለ። «ሞተሩ ግን ለእኔ ነበር።»

እትዬ ሚዛን ልትቆጣ ነበር። ከቁጣዋ ይልቅ መገረሟ በለጠ። ምኑ ነው የሚያስጎመጀው? እስቲ ንገረኝ አለችው። ሞከረ። ሲረግጡት ወደ ኋላ እንደሚገፋ፣ ዳገቱ ሜዳ እንደሚሆን፣ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ብድግ እንደሚል። ግን እየተናገረ ራሱም በንግግሩ አልረካም።

«አንቺ ጋ ሁለት ዳቦ ቤት አልፈው የሚመጡ ሰዎች አሉ» አለ በመጨረሻ። «የእነዚያም ኬክ ዱቄትና ስኳር ነው፤ ያንቺም ዱቄትና ስኳር ነው። ለምን እጥፍ ይከፍላሉ ቢሉሽ ምን ትያለሽ?»

«ቅመሱት እላለሁ።»

«በቃ፣ ንጂው።»

መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ እግሯ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላዋ የሚደፋ ነገር አለ። እሑድ ማለዳ ሻጩ ፈጣኑን መኪና ለአንድ ሰዓት ሰጣት፤ ራሱም አብሯት ገባ። ከኋላ ምንም አልጫነችም፤ ደብተሯንም ረስታው ወጣች። ከተማው እስኪያልቅ እንደ ልማዷ ሄደች። ከዚያ መንገዱ ሰፍቶ፣ በሁለቱ ዛፎች ረድፍ መሀል ቀጥ ብሎ ወደ ኮረብታው ሲወጣ፣ ከፊቷ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ሲሳብ አየች። ሻጩ አሁን ማለፍ እንደምትችል በእጁ አመለከታት።

ረገጠችው።

መኪናው አልጮኸም። የሆነ ትልቅ እጅ ከጀርባዋ ገብቶ ያነሳት መሰላት። የጭነት መኪናው ጎኗ ላይ ነበር፤ ከዚያ መስታወቷ ውስጥ ሆነ፤ ከዚያ ጠፋ። ኮረብታው እንደ ተጣጠፈ ጨርቅ ከሥሯ ተንሸራተተ። አናቱ ላይ ስትደርስ እግሯን አነሳች፤ ዳር ይዛ ቆመች፤ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሻጩ ደንግጣ እንደሆነ ጠየቃት። እሷ ግን የምታስበው ስለ ድንጋጤ አልነበረም። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሰውነቷ ውስጥ ሲኖር ያላወቀችው ክፍል እንዳለ ነው የገባት፤ የት ነበርክ ልትለው ፈለገች። ይህን ለሻጩ እንዴት አድርጋ ትነግረዋለች? ስትመለስ ግን ሌላኛውን መንገድ፣ ረጅሙን ያዘች።

ሳምንት ሙሉ አሰበችበት። ለኬኩ አይጠቅምም፤ ይህን ለክታዋለች። ለወገቡ መላ ተገኝቷል። የቀረው ጥያቄ ራቁቱን ነው፤ ደስታ ብቻ ስለሆነ ነገር ይህን ያህል ይከፈላል ወይ? ራሷን እንዲህ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ለሌላው ሰው ደስታ ስትጋግር ዕድሜዋን ጨርሳለች፤ ለራሷ የገዛችው ነገር ሁሉ ግን ከምክንያት ጋር ነው። ምድጃው ምክንያት አለው። አሁን ያለው አሮጌ ቢሆንም ይጋግራል፤ አንድ ሁለት ዓመት ይታገሳል።

ሰኞ ሄዳ ፈጣኑን ገዛች። ሻጩ መልካም ምርጫ እንዳደረገች ሲነግራት አስቆመችው። ለኬክ እንደማያዋጣ በሚገባ እንደምታውቅ፣ ወዳና ፈቅዳ የምታደርገው መሆኑን እንዲያውቅላት ብቻ ነው የፈለገችው። እሱም አወቀላት።

ነገሩ እንዲህ ሆነ እንጂ ሁሉ አማረ አይባልም። ሰፋፊዎቹ ጎማዎች ዓመት ሳይሞላቸው አለቁ፤ የአዲሶቹን ዋጋ ስትሰማ ለአፍታ ተቀመጠች። መኪናውም ነዳጅ ሲጠጣ እንደ ልጅ ነው፣ አያፍርም። የጥይቱ ወገብ በግማሽ ተሻለው፤ ለቀረው ግማሽ እህቱ እጁን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ አሁን ከባዱን ኬክ በጋሪ ነው የሚያወጡት። ጫማውን ራሱ ያስራል። ኬክ ሲጫን እሱ ይነዳል፤ ባዶውን ሲመለሱ ግን ቁልፉን ማን ይይዝ በሚል ሁለት ጎልማሶች ሆቴል ደጃፍ ላይ ይጨቃጨቃሉ።

በመከር ወራት ከከተማው ማዶ ያለ ሌላ ኬክ ሠሪ፣ መኪና ሊለውጥ የፈለገ፣ ሊያማክራት መጣ። ፈጣኑ ተጨማሪውን ገንዘብ ያወጣል ወይ አላት። እትዬ ሚዛን አስቀምጣው ሁሉንም ነገረችው፤ ውሃውን፣ ስንጥቁን፣ ጎማውን፣ ወገቡን፣ ኮረብታውን፣ አንዱንም ሳታስቀር። ሰውየው አመስግኖ ሄደና ተራውን ገዛ። ባገኛት ቁጥር በጣም እንደተመቸው፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳልጸጸተው ይነግራታል። ስታየው እውነቱን ነው፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ይሄም ገረማት፤ ተራውን ከኋላ ተቀምጣበት እንጂ ራሷ ነድታው አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ የሚቀየመው ነገር ከሌለ የእሱን መኪና ለአንድ ቀን እንዲያውሳት ጠየቀችው።