የጓድ አስረስ ክክ

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከከተማው ዳር፣ ለቡ፣ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። የዚያ ሰሞን ትምህርት ሕይወት ያለው ነገር ለመኖር ምን ያስፈልገዋል የሚል ነው። ውሃ፣ አየር፣ ብርሃን፤ አለቀ። ባቄላ በጣሳ ዘርቼ ላሳያቸው ስሰናዳ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አስረስ ሰማ።

«ዘሩን የቀበሌው ሱቅ ይችላል» ብሎ አንድ ከረጢት አስይዞ መጣ። ፈትቼ ባየው የባቄላ ክክ ነው። ይህ ሰው ወጥ እንጂ ማሳ አይቶ አያውቅም።

የገበሬው የአቶ በንቲ ልጅ ሞልቱ ገና ስታየው፣ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ክክ ነው፤ አይበቅልም» አለች።

ጓድ አስረስ ዞር አለ። «የቀበሌውን ዘር የሚያጣጥለው ማነው?»

እኔ ፈሪዋ፣ «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» ብዬ ዘራሁት። እምቢ ብል አሻጥረኛ ልባል ነው። ያኔ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ደመወዙ ቀርቶ እሱ ራሱም አይገኝም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠጣን። ልጆቹ በየጠዋቱ «ውሃ፣ አየር፣ ብርሃን» እያሉ ይዘምሩለታል፤ ክኩ ይሸታል። ማክሰኞ አስረስ ብቅ ብሎ፣ «ዓርብ ከበላያችን ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጓድ ዋቅጅራ መጥተው ያዩታል። ካልበቀለ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። እኔ የከካሁት ይመስል። እሱ እንደወጣ ልጆቹ ፊት አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት ክፍል ስገባ በየጣሳው ባቄላ ቆሟል፤ ለዚያውም ያበበ። ሞልቱ እስከ ክርኗ ጭቃ ነች።

«ከአባባ ማሳ ነው። ሸጋ ሸጋውን ምረጪ ብሎኛል።»

ሳምኳት። ወዲያው ደግሞ አበባውን ሳየው ልቆነጥጣት ቃጣኝ፤ ባቄላ በሁለት ሳምንት አያብብም።

ጓድ ዋቅጅራ መጡ። አንዱን ጣሳ አንስተው አበባውን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ።

«ከተዘራ ስንት ቀኑ ነው?»

«አሥራ አራት፣ ጓድ» አለ አስረስ ቀድሞኝ። «የቀበሌያችን ክክ ነው። በንቃት ያደገ።»

ጓድ ዋቅጅራ ጣሳውን ቦታው መለሱ። ከዚያ ጸሐፊያቸውን «ጻፍ፤ በንቃት ያደገ» አሉት።

ሊወጡ ሲሉ ሞልቱ ዘንድ ጎንበስ ብለው፣ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ሲነቀል ከነአፈሩ ነው። ሥሩ ከተራቆተ ነገ ይጠወልጋል» አሏት። ለካ የገበሬ ልጅ ናቸው። ለቡ ስኖር ኦሮምኛ ለምጄ ነበርና ሰማኋቸው፤ ትንፋሼ ያን ጊዜ ተመለሰ።

አስረስ ቋንቋውን አይሰማም። «ጓድ ምን አሏት?» አለኝ።

«ጎበዝ ተማሪ ሁኚ አሏት።»

በሳምንቱ የምስር ክክ አስይዞ መጣ።